የሥዕል ትምህርት ቤትና የባሕር ማዶ ወዳጅነቱ

የአንድ ትምህርት ቤት ታላቅነት በሚለካበት ጊዜ ዛሬ አስቀድሞ የሚቆጠረው የውጭ አገር ወዳጆቹ ብዛት ነው። ከስንት ዩኒቨርሲቲ ጋር ውል ተፈራረመ? ስንት መምህራን ከባሕር ማዶ መጡለት? ስንት ተማሪዎችስ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ሄዱ? እየተባለ ይጠየቃል። ጥያቄዎቹ ከንቱ አይደሉም። ዳሩ ግን ለምሕንድስና ትምህርት ቤት በቂ መለኪያ ቢሆኑ እንኳ፥ ለሥዕል ትምህርት ቤት ግማሽ መለኪያ አይሆኑም። የድልድይ ስሌት በቺካጎም በአዲስ አበባም አንድ ነው፤ የአንድ ሕዝብ አስተያየትና የቀለም ስሜት ግን እንደ ስሌት ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው አይገለበጥም። ስለዚህ የሥዕል ትምህርት ቤት ከባዕድ ጋር ሲወዳጅ፥ ምን እንደሚቀበል ብቻ ሳይሆን ምን ይዞ እንደሚቀርብ ሊጠየቅ ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ኀሳብ አጭር ነው። የሥዕል ትምህርት ቤት ከውጭው ዓለም ጋር የሚያደርገው ልውውጥ ፍሬ የሚሰጠው፥ በገዛ ክፍሉ የተሰበሰቡት ተማሪዎች ከልዩ ልዩ አውራጃ፥ ከልዩ ልዩ ሙያና ከልዩ ልዩ ኑሮ የመጡ እንደሆነ ነው። በቤቱ ልዩነት የሌለው ትምህርት ቤት ለእንግዳው የሚያቀርበው ነገር ስለሌለው፥ ዕጣው መቀበል ብቻ ይሆናል። ይህንን የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ታሪክና ከእርሱ ጋር ስማቸው የተያያዘ ሠዓሊያን ሥራ በግልጽ ያስረዱናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የትምህርት ልውውጥ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ይሻገር የነበረው አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። ድጓን ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፥ አቋቋምን ለመማር ወደ ጎንደር፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አባ፥ ቅኔን ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ የሚሄደው፥ ምን እንደ ጎደለውና ያንንም ማን እንደሚያስተምረው ዐውቆ ነው። በቅኔው ጉባኤም የጎጃሙ፥ የሸዋው፥ የወሎውና የትግራዩ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ፥ እያንዳንዱ ከአገሩ ያመጣውን ምሳሌና ታሪክ ለቅኔው ማገዶ ያደርገው ነበር። ከዚህ ሥርዓት ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። ተጓዡ የሚፈልገውን ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ተቀባዩም ጉባኤ ከአንድ መንደር ልጆች ብቻ የተሠራ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ሥዕሉ ትምህርት ቤት እንመለስ። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራቹና ዲሬክተሩ አቶ አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ። እርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተገኙ ሲሆኑ፥ ዘመናዊውን የሥዕል ትምህርት የቀሰሙት በአሜሪካ፥ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ የብራናው ሥዕልና የቺካጎው ስቱዲዮ አስቀድመው የተገናኙት በአንድ ሰው ዕውቀት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ አገራዊ ነው ወይስ ባዕድ?» የሚለው ክርክር ከመነሻው መሠረት የለውም። ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ ሁለቱንም ነበረ።

ክርክሩ ይበልጥ የተፋፋመው አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን አገር ሲመለሱ ነው። እኚህ በ1932 በሐረር የተወለዱ ሠዓሊና ባለቅኔ በኮሎኝ ከተማ ተምረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራቸው ገቡ፤ በትምህርት ቤቱም መምህር ሆኑ። ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ፥ ሰውና ዛፍ፥ ቤትና መስቀል ለይቶ ማየት የለመደው ተመልካች ቅርጽ አልባውን ቀለም አይቶ ግር አለው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለውን ተረት እየጠቀሰ፥ ይህ ሥዕል የእኛ አይደለም የሚል ተቺ አልጠፋም። ተረቱ መልካም ተረት ነው፤ ነገር ግን ስለ እርሻ እንጂ ስለ ሥዕል የተነገረ አይደለም። «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕላቸውን በጥሞና የተመለከተ ሰው፥ ስቅለት የአገራችን ሠዓሊ ለዘመናት ሲሥለው የኖረው ነገር መሆኑን ያስታውሳል። አቶ ገብረ ክርስቶስ ያደረጉት፥ የሥቃዩን ግለት በፊት ገጽ ምልክት ከመንገር ይልቅ ለቀለሙ ብርታት መተው ነው። ዘዴውን ከጀርመን ሠዓሊዎች ቢያገኙትም ሐዘኑ በቤታቸው የነበረ ነው። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በተሰጣቸው ጊዜ፥ ከተቺዎቻቸው ይልቅ የሥራቸው ክብደት አሸናፊ መሆኑ ታየ።

ከውጭ የመጣ መምህር ምን ሊተው እንደሚችል ደግሞ የካርል ሃይንስ ሐንሰን ታሪክ ያስተምራል። ይህ ሰው በ1915 በሐምቡርግ የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን፥ ወደ ብራዚል ተሻግሮ በባሂያ ብዙ ጊዜ ኖሯል፤ ፍቅሩም ከመጽናቱ የተነሣ የአገሩን ስም በስሙ ላይ ጨምሮ ሐንሰን ባሂያ ተባለ። ከ1963 እስከ 1966 በአዲስ አበባ ሲቆይ፥ በእንጨት ላይ ቀርጾ የማተምን ጥበብ አስተማረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ እንግዳው የመጣው ራሱ የሰው አገር ተማሪ ሆኖ ከቆየ በኋላ መሆኑ ነው። የመጣበትም ሙያ ለአገራችን እጅ የቀረበ ነበር። መስቀል የሚፈለፍል፥ በር የሚቀርጽ፥ የራስ ትራስ የሚጠርብ ሕዝብ የእንጨትን ጠባይ ያውቀዋል፤ የቀረው ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ ማተም ብቻ ነው።

ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የነበሩት አቶ ዘሪሁን የትምጌታ፥ መምህሩ ከሄደ በኋላ ያደረጉት ነገር ከሁሉ ይበልጣል። ኅትመቱን ተምረው በዚያው አልቀሩም። የሸማኔ ዕቃ ከሚሠራበት ቀርከሃ ቀጫጭን ሰንጣቂዎችን ጎን ለጎን ደርድረው በዚያ ላይ መሣል ጀመሩ፤ በእነዚያም ላይ የክታብ ዐይኖች፥ ምልክቶችና የአፍሪካ ጭምብሎች ተሰለፉ። በ1992 በዳካር ቢየናሌ ሲሸለሙ፥ ዳኞቹ የጀርመን ኅትመት ቅጂ አላዩም፤ ያዩት የሽመና ዕቃ ሥዕል ሲሆን ነው። መምህሩ የሰጠው እጅ ማሠልጠኛ ነው፤ ተማሪው የጨመረበት ደግሞ መምህሩ ከሐምቡርግም ከባሂያም ሊያመጣው የማይችለው ነው። የአንድ እንግዳ መምህር አገልግሎት ሊመዘን የሚገባው በዚህ ዐይነቱ ፍሬ ነው።

አቶ እስክንድር ቦጎስያን ያለፉበት መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1937 በአዲስ አበባ የተወለዱት እኚህ ሠዓሊ በእናታቸው ኢትዮጵያዊ፥ በአባታቸው ወገን የአርመን ዘር ያላቸው ነበሩ። በ1955 በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ለንደን፥ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደው እስከ 1966 ድረስ በአውሮፓ ቆዩ። በፓሪስ ያገኙት የፈረንሳይን ሥዕል ብቻ አልነበረም። ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ያደረገውን አይተዋል፤ የምዕራብ አፍሪካን ቅርጻ ቅርጽ ተመልክተዋል፤ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የሚከራከሩትን ሰምተዋል። ከሩቅ ሆነውም የአገራቸውን ጥልሰምና ክታብ እንደ አዲስ አዩት። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ወደ ባዕድ አገር መሄድ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ፥ በደጅ የነበረውን ነገር በሌላ ብርሃን ማየት ነውና። ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው የ1964 ሥራቸው «የጁጁ ሠርግ»፥ በፓሪስ የተሣለ ቢሆንም ከፓሪስ ሠዓሊዎች ማንም ሊሥለው የሚችል አይደለም። በአዲስ አበባ ያስተማሩት ከ1966 እስከ 1969 ብቻ ሲሆን፥ በዚያ አጭር ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ አልደበዘዘም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የወዳጅነቱ አቅጣጫ ተለወጠ። ቀድሞ ቺካጎ፥ ለንደን፥ ፓሪስና ኮሎኝ የነበረው መንገድ በአብዛኛው ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሆነ። ስለዚህ ዘመን ፍርድ ስንሰጥ በሁለት ወገን መጠንቀቅ ያሻል። በሌኒንግራድና በሞስኮ የነበሩት ትምህርት ቤቶች የሰውን አካል አጥንቶ በመሣል ረገድ የማይናቅ ሥልጠና ሰጥተዋል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ጉዳቱ የመጣው ከትምህርቱ ዐይነት ሳይሆን ከምርጫ መጥፋት ነው። ወዳጅ አንድ ብቻ ሲሆን ወዳጅነቱ ወደ አዛዥነት ያዘነብላል፤ ሥዕልም ምን መሣል እንዳለበት ከላይ ይነገረዋል።

ይህም ሆኖ በሌኒንግራድ ከተማሩት አንዱ የሆኑት አቶ ታደሰ መስፍን፥ ያገኙትን ሥልጠና ለራሳቸው ዓላማ አውለውታል። ከመሄዳቸው በፊት በአዲስ አበባ ከአቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተምረው ነበርና መሠረት ሳይዙ አልሄዱም። ተመልሰውም ከ30 ዓመት በላይ አስተማሩ። የገበያ ሴቶችን ያሳዩባቸው ሥዕሎቻቸው ይህንን ያስረዳሉ። በዚያ ዘመን በአዋጅ የሚወደሰው ወዛደር መዶሻ ያነሣ ጀግና ነበር፤ እርሳቸው ግን በራሳቸው ፈቃድ የመረጡት ጥቂት ሸቀጥ ይዛ የቆመችውን ቸርቻሪ ነው። የአካሉ ክብደትና አቋቋም የሌኒንግራድን ስቱዲዮ ያስታውሳል፤ ዝምታውና የፊት ለፊት አመለካከቱ የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ያስታውሳል። ሴቶቹ እንደ ምሰሶ የቆሙ ናቸው፤ ሠዓሊውም ቢሆን የሕይወት ምሰሶዎች ብለው ሰይመዋቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሐዘን ነገር ማንሣት ግድ ይላል። የባሕር ማዶ ወዳጅነት ሁልጊዜ የሄደውን አይመልስም። አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከአገር ወጥተው በ1981 በአሜሪካ፥ በኦክላሆማ ዐረፉ። አቶ እስክንድር ቦጎስያንም በ2003 በዋሺንግተን ሞቱ። አገር ያስተማረቻቸውን ሌላው ወሰዳቸው የሚል ሰው ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። አቶ እስክንድር ከ1972 ጀምሮ በዋሺንግተን ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፥ ክፍላቸው የኢትዮጵያ፥ የሌላው አፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች አንድ ላይ የሚማሩበት ጉባኤ ሆነ። በ1972 ከአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የተመረቁት አቶ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በ1980 የማስተርስ ዲግሪያቸውን ከሃዋርድ አግኝተው፥ ፊደላችንን የሥዕል አካል በማድረግ ታወቁ። በሶማሊያ እስር ቤት ብዙ ዓመት የተሠቃዩት ወይዘሮ ከበደች ተክለአብም ከዚያው ከሃዋርድ ተመርቀው ሠዓሊም ባለቅኔም ሆነዋል። በአዲስ አበባና በሃዋርድ መካከል የተዘረጋው ይህ ድልድይ የቆመው በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ነው። የአቶ ገብረ ክርስቶስ ሥዕሎችም በጀርመን አገር ተጠብቀው ቆይተው ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ በ2008 በስማቸው በተከፈተው የዩኒቨርሲቲው ማዕከልም ለሕዝብ ታይተዋል። ጀርመን ያስተማረቻቸውን ሰው ሥራ ጀርመን ጠብቃ መለሰች ማለት ነው። ወዳጅነት ሲባል ይህን የመሰለ ነገር ሊታሰብ ይገባል።

እስካሁን ያነሣናቸውን ከተሞች አንባቢ አንድ በአንድ ቢቆጥር አንድ ጉድለት ያገኛል። ቺካጎ፥ ኮሎኝ፥ ለንደን፥ ፓሪስ፥ ሌኒንግራድና ዋሺንግተን ተጠርተዋል፤ ካርቱም ግን አልተጠራችም። በዚሁ ዘመን ሱዳናዊው ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ከ1954 እስከ 1957 በለንደን ተምሮ ወደ ካርቱም ሲመለስ፥ ያገሩ ሰው ሥዕሉን አይቶ ፊቱን አዞረበት፤ እርሱም የዐረብ ፊደልንና የአገሩን ጌጥ ማጥናት ጀመረ። በናይጄሪያም በዛሪያ ከተማ በ1958 ኡቼ ኦኬኬና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቁመው፥ የአውሮፓውን ትምህርትና የአገራቸውን ጥበብ የሚያዋሕዱበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር። በአንድ ዘመን አዲስ አበባ፥ ካርቱምና ዛሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም መልስ የፈለገው በአውሮፓ በኩል ዞሮ ነው። ኢትዮጵያ በ1958 ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠቷን ያስታወሰ ሰው፥ የሥዕል ትምህርት ቤትም ለጎረቤት ልጆች ወንበር ቢያዘጋጅ ከአገሩ ልማድ የወጣ ነገር አላደረገም ይላል። የጎረቤት ተማሪ ሲመጣ የእኛውም ተማሪ ለማስረዳት ይገደዳል፤ ለማስረዳት የተገደደ ሰው ደግሞ ያለውን ነገር ይመረምራል።

ከጎረቤት ይልቅ የሚቀርበን ግን የራሳችን አገር ልጅ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጥለትን በቁጥር ያውቃል። ሐረር ውስጥ ያደገች ልጅ የእናቷን ስፌት እያየች ቀለምን ከቀለም ማጣመድን ትማራለች። የኮንሶ ጠራቢ ለሟች መታሰቢያ የሚያቆመው የእንጨት ምስል የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ነው። እነዚህ ልጆች ለመግቢያ ፈተና ሲቀርቡ መለኪያው እርሳስ ብቻ ከሆነ፥ በከተማ ያደገና የሥዕል ደብተር የነበረው ልጅ ሲያልፍ እነርሱ ይወድቃሉ። የወደቁት የጥበብ ዐይን ስለሌላቸው አይደለም፤ ዐይናቸው የተማረበት ዕቃ ከፈታኙ ጠረጴዛ ላይ ስለሌለ ነው። አቶ ዘሪሁንን ያስከበራቸው የሸማኔው ቀርከሃ መሆኑን ያስታውሷል። በቀርከሃው ያደገውን ልጅ በር ላይ መልሰን፥ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው እንግዳ ምን ልናሳየው ነው?

የሴቶችም ነገር እንዲሁ ነው። ከትምህርት ቤቱ ከተመረቁት ሴቶች ቀዳሚ የሚባሉት ወይዘሮ ደስታ ሐጎስ ናቸው፤ በኋላም በካሊፎርኒያ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ከጠራቸው የአገራችን ሠዓሊያን መካከል ወይዘሮ ከበደችንና ወይዘሮ ደስታን ብቻ በሴቶች ወገን ማግኘታችን በራሱ ወቀሳ ነው። ወንዱ ሠዓሊ የገበያዋን ሴት በአክብሮት ሥሏታል፤ መልካም አድርጓል። እርሷ ወይም ልጇ ብሩሹን ይዛ ገበያውን ብትሥለው ምን እንደምታሳየን ግን ገና በበቂ አላየንም።

አንዳንዶች «ተማሪን በችሎታው እንጂ በአውራጃውና በጾታው መምረጥ የትምህርቱን ደረጃ ያወርዳል» ይላሉ። ደረጃ መጠበቅ አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። የምንለው፥ ችሎታ የሚታይበት መስኮት ይስፋ ነው። የቅኔ መምህር የሚመጣውን ተማሪ አገር አይጠይቅም፤ ቅኔው ሲጎድል ግን በማንም ላይ አይራራም። በር መክፈትና ደረጃ መጠበቅ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ጉባኤው ለብዙ ዘመን አሳይቶናል።

እንግዲህ ዛሬ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተብሎ በዩኒቨርሲቲው ሥር ለሚገኘው ለዚህ ቤትና ለሚመሩት ሹማምንት አራት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። ከውጭ ትምህርት ቤት ጋር ውል ሲፈረም፥ እንግዳው መምህር ትቶት የሚሄደው ሙያና ዕቃ በግልጽ ይጻፍ። ወደ ውጭ የሚላክ ተማሪ ምን ለመማር ወደ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ በጽሑፍ ያስረዳ፤ ሲመለስም ያንኑ ለጓደኞቹ የሚያስተምርበት ክፍልና ሰዓት ይዘጋጅለት። በውጭ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሠዓሊያን ለአጭር ጊዜ መጥተው የሚያስተምሩበት ቋሚ ሥርዓት ይኑር። ከሁሉ በፊት ደግሞ ፈታኞች በየአውራጃው ሄደው፥ ስፌቱን፥ ሽመናውንና ጠረባውን ከእርሳሱ እኩል የሚያዩበት ፈተና ይቋቋም።

ይህ ከምኞት ያለፈ ነገር መሆኑን የቅርቡ ጊዜ አሳይቶናል። በአዲስ አበባ ከአቶ ታደሰ መስፍን የተማሩት አቶ ተስፋዬ ኡርጌሳ፥ ከዚያም በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ትምህርታቸውን የጨረሱት፥ በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ድንኳን ሠዓሊ ሆነው ቀረቡ። በሥዕሎቻቸው የተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ያሉ አካላትን፥ የስደተኛን ጭንቀትና በጥንቱ ሥዕላችን የምናውቃቸውን ትልልቅ ዐይኖች አንድ ላይ እናያለን። ኮሎኝ ለገብረ ክርስቶስ፥ ገብረ ክርስቶስ ለታደሰ፥ ሌኒንግራድም እንዲሁ ለታደሰ፥ ታደሰ ለተስፋዬ፥ ሽቱትጋርት ደግሞ ለተስፋዬ ያቀበሉት ነገር በቬኒስ ግድግዳ ላይ በኢትዮጵያ ስም ተሰቀለ። ይህ ሰንሰለት እንዳይበጠስ የሚቀጥለው ቀለበት ከወዴት እንደሚመጣ ማሰብ የእኛ ፋንታ ነው። ምናልባት ዛሬ ጨንቻ ላይ የአባቷን ሸማ ጥለት ከምትቆጥር አንዲት ልጅ ዘንድ ይሆናል፤ ፈታኙ እስከዚያ ድረስ ከሄደ።